ዛፉ ከመገንደሱ በፊት ልጆችን እንሰብስብ



እንደሚታወቀው በጋው ሲገባ የሐርቡ ሰው ቤት ይሠራል፣ አጥር ያድሳል፣ ለሠርግ ዳስ ይጥላል። ለዚህ ሁሉ የሚፈለገው ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ ያለ እርሱ ማገርም ወራጅም የለም ማለት ይቻላል። ቀድሞ በምሳር ብዙ ያለፋ የነበረው ግንድ አሁን በሞተር መጋዝ በደቂቃዎች ይጋደማል። ሥራው መፍጠኑ መልካም ነው፤ እኛን ያሳሰበን በሥሩ ያለው ሰው የመሸሻ ጊዜ ማጣቱ ነው።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። በእኛ ሠፈር ግን ገና ሳይወድቅ ነው ሰው የሚከበው! እናቶችና ሕፃናት ጭራሮና ቅጠል ለመልቀም ቆራጩ እግር ሥር ይቆማሉ። ማገዶ ቸግሯቸው ነውና አንፈርድባቸውም። ሆኖም የሚወድቅ ዛፍ ሌላውን ዛፍ ይመታል፣ ቅርንጫፉም ተሰብሮ ይወረወራል። ስለዚህ በሙያው የታወቀው ርቀት የዛፉ ቁመት እጥፍ ነው፤ 15 ሜትር ለሆነ ዛፍ 30 ሜትር መሆኑ ነው።

ቆራጮቹን በተመለከተ፤ ጎበዞች፣ ጉልበታችሁን አንጠራጠርም። ነገር ግን በነጠላ ጫማና በባዶ ራስ ሞተር ማስነሳት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? መጀመሪያ መሸሻችሁን ጥረጉ፤ እርሱም ከዛፉ ቀጥታ ጀርባ ሳይሆን ወደ ኋላ በሰያፍ ይሁን። ዛፉ በሚወድቅበት ወገን የውፍረቱን አንድ አራተኛ ያህል አፍ ይከፈታል። የኋላው ቁርጥ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ይገባና ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀረው ይቆማል። ይህች ሳትቆረጥ የቀረች እንጨት ማጠፊያ ናት፤ ዛፉን እየመራች የምታወርደው እርሷ ናት። እርሷን የቆረጠ ሰው ዛፉን ለነፋስ ሰጠው። በጣም ያዘመመ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ቆራጩ ሊፈናጠር ስለሚችል ለለመደ ሰው ይተው። የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለውንም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሳይነገር ማንም እንዳይነካው።

ዛፉ ወደቀ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። ቅርንጫፍ ሲመለመል ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፉ፣ በተለይ የላይኛው ወገን፣ እንጨት ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትና አንገት ይዘላል። ስለሆነም በሁለት እጅ፣ አውራ ጣትን እጀታው ላይ ጠምጥሞ መያዝ፣ ከትከሻ በላይ አለመቁረጥ፣ በተቻለ መጠን ግንዱን በራስና በመጋዙ መካከል ማድረግ ያስፈልጋል። ግንዱ የተጫነው ቅርንጫፍም እንደ ተወጠረ ወጥመድ ነው፤ ተስፈንጥሮ እግር ይሰብራል።

ቅሬያችን ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ የሚሰበሰብ መሆን የለበትም። ዛፍ የሚያስቆርጥ ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት ለጎረቤት ይንገር፤ መንገዱን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ያቁም። ከሁሉም በላይ ጭራሮው ለማን እንደሆነ አስቀድሞ ይናገር። እናቶች የሚጠጉት ሌላ እንዳይቀድማቸው ሰግተው ነውና፣ ድርሻቸው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም እንደሚጠብቃቸው ካወቁ ልጆቻቸውን ይዘው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ።