የምግብ ቧንቧ ሲቆጣ በአፍ ስለሚወሰድ መድኃኒት



ከማዕድ ከሁሉ በኋላ የሚነሣ፥ በያንዳንዱ ጕርሻ ውሃ የሚጐነጭ፥ ሥጋና ደረቅ ዳቦ የሚሸሽ ሰው በአንዳንድ ቤት ይገኛል። ዘመድ ይህን እንደ አመል ይቈጥርበታል፤ እናቲቱም «ምነው ልጄ፥ ምግቤ አልጣመህምን?» እያለች ትቀየመዋለች። እርሱም ስለሚያፍር ሕመሙን ሸሽጎ ብዙ ዓመት ይኖራል።

የመዋጥ ችግር ምክንያቱ ብዙ ነው። ከነዚህ አንዱ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይቲስ ይባላል፤ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ የተገለጠው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጤነኛ የምግብ ቧንቧ ውስጥ አይገኙም። ሰውነት ወተትን፥ ስንዴን፥ እንቍላልን ወይም ሌላ ምግብን እንደ ጠላት በቈጠረ ጊዜ ግን በዚያ ተሰብስበው ቧንቧውን ያስቆጡታል። ቍጣው ሲሰነብት ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል። ሐኪሙ በሽታውን የሚያረጋግጠው መብራት ያለውን ቀጭን ማያ በአፍ አስገብቶ ጥቂት ቅንጣት ሥጋ በመውሰድ ነው፤ በማጉያ መነጽር በአንድ እይታ 15 ወይም ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ከታየና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በሽታው ይህ ነው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ወገን ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። ይህ ከኵላሊት ራስ ላይ ያሉት ዕጢዎች ከሚያፈልቁት ቅመም ጋር ዘመድ ነው። እንደ ፕረድኒሶሎን ያለው እንክብል በደም አድርጎ ሰውነትን ሁሉ ያዳርሳል፤ ለዚህ በሽታ ግን የሚመረጡት ቡደሶናይድና ፍሉቲካሶን ቧንቧውን እንደ ቅባት ቀብተው በዚያው የሚሠሩ ናቸው። ወደ ሆድ የወረደውንም አብዛኛውን ጉበት ያጠፋዋል። በአፍ የሚሟሟው የቡደሶናይድ እንክብል በአውሮፓ በ2018፥ ፈሳሹ ደግሞ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዷል። የአሜሪካው ፈሳሽ ዕድሜያቸው ከ11 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሲሆን 2 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል።

እንግዲህ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በቧንቧው ላይ ሲቆይ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ መድኃኒትን በውሃ መዋጥ ስለ ለመደ ይህንንም በውሃ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ታጥቦ ወደ ሆድ ይሄዳል፥ ሕመምተኛውም «አልሠራልኝም» ይላል። ፈሳሹን በሚገባ ነቅንቆ ከምግብና ከመጠጥ ሳይቀላቅሉ መዋጥ ይገባል። እንክብሉን ከምግብ በኋላ በምላስ ጫፍ አኑሮ ከላንቃ ጋር በቀስታ እየተጫኑ፥ እስኪሟሟ ድረስ ምራቅን ጥቂት በጥቂት መዋጥ ነው፤ አይታኘክም። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይበላም፥ አይጠጣም፤ የጧቱ ቡናም ይቆይ። የማታውን ከእራት በኋላ ጥርስን ፍቆ ከመኝታ በፊት መውሰድ ለብዙ ሰው ይመቻል። ፍሉቲካሶን ለአስም በሚነፋው ዕቃ የተሰጠው ሰው ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ወደ አፉ ይነፋና ይውጠዋል እንጂ ወደ ሳንባው አይስበውም።

ግማሹ ሰዓት ሲያልፍ አፍን በውሃ ተጕመጥሙጦ መትፋት መልካም ነው፤ መድኃኒቱ በአፍና በጕሮሮ ነጭ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላልና። ሻጋታው ቢወጣ ሐኪሙ ማከሚያ ያዝዛል፤ ሆኖም ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የተባሉት የሻጋታ መድኃኒቶች፥ ሪቶናቪርም፥ የግሬፕፍሩት ጭማቂም ቡደሶናይድ በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋሉ። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ድካም ቢበረታ፥ ማቅለሽለሽና ማዞር ቢመጣ፥ የራስ ዕጢዎች ሥራ መቀነሱን ሊያመለክት ይችላል። የልጆችን ቁመት በየጊዜው ማስለካት፥ ኩፍኝ ከያዘው ሰውም መራቅ ይገባል።

በአገራችን ደግሞ አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የአንጀት ትላትል ኢዮሲኖፊልን በደም ውስጥ ያበዛሉ፤ ከነርሱም ስትሮንጊሎይደስ የሚባለው በሆዱ ያለበት ሰው ፕረድኒሶሎንን ቢወስድ ትሉ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ያተረፈውን ፕረድኒሶሎን መዋጥ ከቶ አይገባም። በሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ሳምንት የወሰደውም በድንገት አያቋርጥ፤ ዕጢዎቹ ሥራቸውን እስኪጀምሩ በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ ይቀንስ። ቡደሶናይድን ያቆመ ሰውም ሕመሙ ሊመለስበት ስለሚችል ማቆሙን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

በማዕድ ላይ ይህ ሕመም ላለበት እንግዳ ትልቅ ጕርሻ ማጕረስ ፍቅር ቢሆንም አደጋ አለው። ጕርሻው ተወትፎ ምራቅ እንኳ መዋጥ ቢከለክል፥ በእንጀራ ወይም በውሃ ልግፋው ሳይሉ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሐኪሙ የተወተፈውን በማያው ሲያወጣ ለምርመራ የሚሆን ቅንጣትም እንዲወስድ መጠየቅ ይገባል፤ ለብዙ ሰው በሽታው መጀመሪያ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነውና።