የሕፃናት አስተዳደግና የኑሮ ልዩነት

ሰው ሁሉ የባለጸጋም ሆነ የድኻ ልጅ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ዕራቁቱን ነው። ስለዚህም ብዙ ሰዎች በሰውና በሰው መካከል የሚታየው የዕውቀትና የሀብት ልዩነት ካደጉ በኋላ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልዩነቱ የሚጀምረው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስም ሥር ይሰዳል።

የሰው አንጐል እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው ከፅንስ ጀምሮ በሚቈጠሩት በመጀመሪያዎቹ 1000 ቀኖች ነው። በዚህ ጊዜ የእናቲቱና የሕፃኑ ምግብ ሲጐድል፤ ተቅማጥና ሌላም በሽታ ሲመላለስበት፤ የሚያነጋግረውና የሚያጫውተው ሲያጣ፤ የሚጐዳው ቁመቱ ብቻ ሳይሆን አእምሮውም ነው። አባቶች «ልጅ በጡት፤ እህል በጥቅምት» ማለታቸው ለዚህ ጕዳይ የተነገረ ያህል ይስማማል፤ ለሁሉም ጊዜ አለውና ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረገው ድካም ውጤቱ ጥቂት ነው።

በ2008 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የልዩነቱን መጠን በግልጥ አስረድቷል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ፤ ማለት የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ጕዳት ግን ለሁሉም እኩል የደረሰ አይደለም። ሕዝቡ በሀብቱ መጠን ከአምስት ሲከፈል፤ ከሁሉ ድኻ በሆነው ክፍል ከመቶው 45ቱ፤ ከሁሉ ባለጸጋ በሆነው ክፍል 26ቱ ቀንጭረዋል። በአዲስ አበባ ከመቶው 15 ሲሆኑ በዐማራ ክልል 46 ናቸው።

ጤፍና ስንዴ፤ ባቄላና ሽንብራ የሚበቅልበት አገር ልጆቹ ስለ ምን ይቀነጭራሉ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። መልሱም ጐተራ መሙላትና ሕፃን መመገብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። እንቍላሉና ቅቤው ለጨውና ለልብስ መግዣ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ለሕፃኑ የሚቀርለት ቀጭን አጥሚት ነው። እናቲቱም ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ማልዳ ስትወጣ፤ ሕፃኑ ራሷ ገና ላልጠናች እኅቱ ይተዋል። በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት በዓይነትም በመጠንም የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከመቶው 7 ብቻ ነበሩ። ከባለጸጎቹ ወገን እንኳ ከአራት ሕፃናት አንዱ መቀንጨሩ ገንዘብ ያለ ዕውቀት እንደማይበቃ ያስረዳል። ምንም ትምህርት ካላገኙት እናቶች ልጆች ከመቶው 42ቱ ሲቀነጭሩ፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩት እናቶች ልጆች ግን የቀነጨሩት ከመቶው 20 አይሞሉም።

እነዚህ ሁለት ዓይነት ልጆች በ7 ዓመታቸው በአንድ ክፍል ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። አንዱ በከተማ መዋዕለ ሕፃናት ፊደልና ቍጥር ለይቶ፤ ተረት ሰምቶ የመጣ ነው። ሁለተኛው ከመንደሩ ትምህርት ቤት ጋር በተያያዘው የ«ኦ» ክፍል ጥቂት ጊዜ የቈየ ነው፤ ይህም ክፍል መልካም ነገር ቢሆን የሚደርስለት ጕዳቱ ካለፈ በኋላ ነው። መምህሩም አንደኛውን ብልኅ፤ ሁለተኛውን ሰነፍ ይለዋል። ከድኽነት የመጣው ጕዳት እንደ ተፈጥሮ ተቈጥሮ በልጁ ላይ ይፈረድበታል፤ እርሱም ፍርዱን አምኖ ያድጋል። ከክፋቱ ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ጕዳቱ ሊቀነስ የሚችል መሆኑ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በዣማይካ ደሴት 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው፤ ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ እየሄዱ በቤት በተሠራ መጫወቻ ልጅን ማጫወትና ማነጋገርን እናቶችን ለሁለት ዓመት አስተማሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ልጆች ደመወዝ ይህን ርዳታ ካላገኙት ከመቶ 25 ያህል በልጦ ተገኘ። በኢትዮጵያም በ1992 ዓመተ ምሕረት ከመቶ 58 የነበረው መቀንጨር በ2008 ወደ 38 መውረዱ ሥራው ፍሬ እንዳለው ያረጋግጣል። ነገር ግን በ2011 በተደረገው ጥናት 37 ሆኖ መገኘቱ፤ ርምጃው እንደ ዘገየ ያሳያል፤ በ2013 በሰሜኑ ክፍል የተነሣው ጦርነትም ብዙ የጤና ጣቢያዎችን አፍርሷል።

በ2007 ዓመተ ምሕረት የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓመተ ምሕረት ለማጥፋት ዐስቧል። ዐሳቡ ትልቅ ነው፤ የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ርዳታው በቅርብ ካለው መንደር ተነሥቶ ወደ ሩቁ የሚሄድ ከሆነ፤ ቀድሞ የሚጠቀመው ቀድሞም የተሻለው ይሆናል፤ አማካዩ ቍጥር ቢሻሻልም ልዩነቱ ይሰፋል። ንጹሕ ውሃ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእናቶች ትምህርት መንገድ ካልደረሰበት ቀበሌ ሊጀመር ይገባል። የሥራውም መለኪያ የተሠራው ቤት ብዛት ብቻ መሆን የለበትም፤ በ45ና በ26 መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ጠበበ በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋል።

መንገድና ድልድይ ዘንድሮ ባይሠራ ለከርሞ ሊሠራ ይችላል። ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን ግን የሁለት ዓመት ዕድሜውን ለከርሞ ሊያቈየው አይችልም።