ብድርን ለፖሊስ፣ ግብርን ለአማላጅ?



ያበደረውን ገንዘብ የተከለከለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ ፖሊስ ጣቢያ። «እሰሩልኝ» ይላል። መርማሪው «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ» ብሎ ሲመልሰው ደግሞ «ከተበዳሪው ጋር ተመሳጥረዋል» እያለ በየቤቱ ያወራል። የግብር ውሳኔ ወይም የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ የደረሰውስ? ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከቶ አማላጅ ሲያፈላልግ የይግባኙ ቀን ያልፍበታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱንም የጎዳቸው የያዙት ጉዳይ ዓይነቱ ምን እንደሆነ አለማወቃቸው ነው።

ጎረቤትና ጎረቤት፣ አከራይና ተከራይ፣ ሻጭና ገዢ የሚዳኙት በግል ሕግ ነው። ዋናው መጽሐፉም በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ 3367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ፊት ባለጉዳዮቹ እኩል ናቸው፤ ከሳሹም ማስረጃ አቅራቢውም ራሱ ባለመብቱ ነው። ከፈለገም በሽማግሌ ይጨርሰዋል። በሕዝብ ሕግ ግን አንደኛው ወገን መንግሥት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ፣ የወንጀል፣ የግብርና የአስተዳደር ሕጎች የሚመደቡት እዚህ ነው። ከባድ ወንጀል ከሆነ ተበዳዩ «ታርቀናል» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ሹሙም ቢሆን ያሻውን አያደርግም። በፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አስቀድሞ እዚያው አቤት ብሎ፣ ካልሆነለት ውሳኔውን ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት መጠየቅ እንደሚችል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይደነግጋል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜም አለ። ባንክ ውስጥ በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የጻፈ ሰው ዕዳ ብቻ ሳይሆን ወንጀልም አለበት።

ወደ ብድሩ እንመለስ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። 500 ብር! ዛሬ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ሃያና ሠላሳ ሺህ በቃል አበድረን «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» የምንለው? ሰፈሩ ሁሉ ቢሰለፍ የሰው ምስክር ብቻውን አይበቃም።

«በዚህ ዕድሜዬ ሕግ ልማር?» የሚሉን አባቶችና እናቶች አሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኮ ሽበት ያወጡ ሰዎች ከሀሁ ተነሥተው ማንበብ ችለዋል! ደግሞስ በወጣትነቱ የተማረው የት አመለጠ? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የወንጀል ሕጉ በ1996 ዓ.ም. ተለውጠዋል። የድሮውን ይዞ የቀረ ሰው በቅን ልብ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል። ሽምግልና የሚቀመጡት ደግሞ እነዚሁ ትልልቆቻችን ስለሆኑ፣ ከወጣቱ ይልቅ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው ብንል ቅር አይበላችሁ።

የማኅበራችን ገንዘብ ለሁለተኛ ድንኳን ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድንኳኑን አንጠላም፤ ነገር ግን ከዋጋው ጥቂቱ ተቀንሶ እነዚህ ሕጎች ይገዙ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶውን ነው የሚውለው፤ ለሁለት ሰዓት ተሰብስቦ ማንበብና መጠያየቅ ማንን ይጎዳል? በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ የድንኳኑ ዋጋ ሲነሣ ይህም አብሮ ይነሣ። እስከዚያው በቃል ያበደራችሁ ካላችሁ፣ ተበዳሪው ገና ሰላምታ ሳይነፍጋችሁ ወረቀት አስፈርሙት።