ለቶሌ ያለቀሰ ዓይን ለጃዊስ?

በጎጃምና በጎንደር ገጠር ሰው ሲሞት ለክብሩ ይተኮሳል። ሟቹ በእርጅና ወይም በሕመም ካለፈ፣ ልማድ ነውና ብዙ አልከራከርም። በጥይት ተደብድቦ ለሞተ ሰው ጥይት መተኮስ ምን ዓይነት ክብር እንደሆነ ግን እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ ቶሌ ቀበሌ፣ አማሮች በማንነታቸው ተጨፈጨፉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ በዚያው ወር 338 ሟቾች መለየታቸውን ተናገሩ። መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ቡድን ከሰሰ፤ ቡድኑ አስተባበለ። እኛም ከፋሲሎ እስከ ጣና ማዶ አዘንን፤ ማዘናችንም የሚገባ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ በገዛ ክልላችን በጃዊ ወረዳ ጉሙዞች ጉሙዝ በመሆናቸው ሲገደሉስ? ሻማ ሲበራላቸው አላየሁም። «እነሱ ጀመሩት» ሲባል ግን ሰምቻለሁ። ውድ አንባቢ፣ ይህችው ቃል ወለጋም ውስጥ የምትነገር አይመስልህምን?

በኒውዚላንድ፣ በክራይስትቸርች ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2019 አንድ ዘረኛ ሁለት መስጊዶች ገብቶ 51 ሙስሊሞችን ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም ላለመጥራት ቃል ገቡ። አንድ ወር ሳይሞላም ምክር ቤቱ በ119 ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ ብቻ፣ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች አገደ፤ መንግሥትም ገንዘብ እየከፈለ ሰበሰባቸው። እኛ ዘንድ የጦር አበጋዙን ስም ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል፤ የሟቾቹን ስም የሚያውቀው የቀበራቸው ብቻ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መታጠቅን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ሕዝቡ ያለውን መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ጠራ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የክልል ልዩ ኃይሎችን ለማፍረስ ተነሣ፤ ከዚያ የሆነውን ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ከእኔ መስማት አያሻውም። ዛሬ «ታጠቅ»፣ ነገ «ፍታ» የሚል አካል ያወጣውን ሕግ ማን ይቀበለዋል?

«ቶሌን ያየ ገበሬ ክላሹን አያወርድም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው። በሬውን ሽጦ መሣሪያ የገዛው ጠባቂ ስላጣ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን በመራዊ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከገለጸ በኋላ፣ «መሣሪያህን ለመንግሥት አስረክብ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ስለዚህ የቤት ለቤት ፍተሻና ነጠቃ አልጠይቅም።

የምጠይቀው የቁጥጥሩ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ነው። ቆጠራው ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይጀመር፤ ለፖሊስና ለሚሊሻ የተሰጠ እያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥሩ፣ እያንዳንዱ ጥይት ተረካቢው ይታወቅ፤ ሰው የተገደለበት መሣሪያ ከማን እጅ እንደወጣ ፍርድ ቤት በግልጽ ይጠይቅ። የግለሰብ መሣሪያ ምዝገባ ይከተላል፤ ያስመዘገበ ሰው በመዝገቡ ምክንያት እንደማይታሰር በሕግ ዋስትና ይሰጠው። በሠርግና በለቅሶ መተኮስን ለመተው ግን የማንንም አዋጅ መጠበቅ የለብንም። ሽማግሌዎችና ካህናት ሊያስቆሙት ይችላሉ፤ እስካሁን ዝም ማለታቸውም ይገርመኛል።

የስም መዝገብም ያስፈልጋል። ይህ ትጥቅ ማስፈታትን አይጠብቅም፤ የአማራ ክልል ምክር ቤት ካሻው በቀጣዩ ጉባኤው ሊወስነው ይችላል። በማንነታቸው የተገደሉት፣ የቶሌዎቹም የጃዊዎቹም፣ ከነዕድሜያቸውና ከነቀያቸው በአንድ መዝገብ ይጻፉ። ብሔር የሚል ዓምድ አይኑረው፤ ስማቸው በፊደል ተራ ይሁን።