ከአውሮፕላኑ ይልቅ ጣርማ በር

አሜሪካ የሚኖር የሐብሩ ወይም የወልድያ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አገሩን ደርሶ መምጣት ያምረዋል። ሳንባው የደከመ ከሆነ ግን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ቤተሰቡ ይጨነቃል፦ አውሮፕላን ላይ እንዴት ይተነፍሳል? መጨነቃቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ይህን መንገደኛ ይበልጥ የሚፈትነው ካረፈ በኋላ ወደ ትውልድ ቦታው የሚወስደው መንገድ ነው።

የአየሩ ጉዞ ሥርዓት ተበጅቶለታል። ከቤት የመጣ የኦክስጅን ሲሊንደር በአሜሪካ አውሮፕላኖች ላይ አይፈቀድም፤ በምትኩ ተንቀሳቃሽ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አለ። ይህ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በዙሪያው ካለው አየር ናይትሮጅኑን አጣርቶ በማስቀረት 90 በመቶ ገደማ የጠራ ኦክስጅን ይሰጣል። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ፈቀደው። አየር መንገዶች የበረራውን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ የሚያደርስ ባትሪ እንዲያዝ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ነውና መንገደኛው የ19 ሰዓት ተኩል ባትሪ ይሸከማል ማለት ነው።

መሬት ላይ ይህን ያህል የሚያስብለት የለም።

የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙም አትርቅም፤ 2,355 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር ደግሞ የውስጥ አየሩን ከ1,800 ሜትር በላይ አያሳሳውም። ስለዚህ በዚህ አውሮፕላን የመጣ ሰው ቦሌ ሲወርድ የሚጠብቀው በረራ ላይ ከነበረው የሳሳ አየር ነው። በረራው በሰዓታት ያበቃል፤ የከተማው ከፍታ ግን እስኪመለስ አብሮት ይሰነብታል።

ከዚያ የመኪናው መንገድ ይቀጥላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፋለች፤ የጣርማ በር ተራራ መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከታወቁት ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች በርካቶቹ እስከ 3,048 ሜትር ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቤት ውስጥ ከሚቀመጡት ትልልቆቹ መካከል ከ2,286 ሜትር በላይ ዋስትና የማይሰጣቸው አሉ። መንገዱ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ደሴ ላይ እንደገና 2,500 ሜትር ይደርሳል፤ የሐብሩ ከተሞች መርሳና ግራና ሲደረስ ነው ትንፋሽ የሚመለሰው። እስከ ኮምቦልቻ የሚበር ሰው ግን ጣርማ በርን ይዘላል፤ ደሴን ብቻ ማለፍ ይቀረዋል። ለጤነኛ ሰው የቅንጦት የሚመስለው የአገር ውስጥ በረራ ለዚህ ሰው የሕክምናው አካል ነው።

መብራቱስ? ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ጨለማ ውስጥ ከርማለች፤ ሆስፒታሏም ተዘርፏል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም መብራት ሄዶ መምጣቱ አልቀረም። ኮንሰንትሬተር ያለ ኤሌክትሪክ ዋጋ የለውም። ለአየር መንገድ የተባለው የባትሪ ልክ መርሳ ለሚያድር እንግዳም ሊሠራ ይገባል፤ ቤተሰቡም ከስጦታው በፊት መጠባበቂያ ባትሪ ያስልክ።

ነገሩ የዲያስፖራ ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸውን በኩበትና በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ፣ አውሮፕላን ረግጠው የማያውቁ እናቶችም ሳንባቸው ተጎድቷል። ከወልድያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍላቸው ያንኑ ጣርማ በር በመኪና ይወጣሉ። የአማራ ክልል ጤና ቢሮ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመንገዱ ከፍታና እስከ መድረሻው የሚበቃ ኦክስጅን እንዲሞላ ቢያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም።

በውጭ ያሉ ሐኪሞች በሽተኛው መብረር ይችል እንደሆነ የሚያዩት 15 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር በማስተንፈስ ነው። ያ ልክ የአውሮፕላኑን ይመስላል፤ የጣርማ በርን አይመስልም። ልጆች አባታቸውን ለምርመራ ሲወስዱ ሐኪሙ ከቦሌ ቀጥሎ ያለውን መንገድ ከነከፍታው እንዲያውቅ ያድርጉ፤ የሚታዘዘው የኦክስጅን መጠንም ለመንገዱ ጭምር ይሁን።