ጥሩር በለባሹ ላይ ሲነሣ

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ እየተላበሱ በሚጫወቱ ሰዎች መካከል አንድ ክርክር በየጊዜው ያገረሻል። አስማተኛው የማሳነሻ ድግምቱን በባላጋራው ላይ ሳይሆን ባላጋራው በለበሰው የብረት ጥሩር ላይ ብቻ ቢያሳርፍስ? ብረቱ በግማሽ ይጠባል፤ ሰውየው እንደ ነበረ ይቀራል፤ የጎድን አጥንቱ ይሰባበርና ውጊያው ያለ ሰይፍ ያበቃል። ይህን የሚያቀርበው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ በብልሃቱ ይኮራል፤ የጨዋታው ዳኛ «አይሆንም» ሲለው ደግሞ ምናቤ ታሰረ ብሎ ያኮርፋል። እኔ ከዳኛው ጎን ነኝ።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው ጨዋታ ነገሩ እልባት አግኝቷል። የ2014ቱ አምስተኛ እትም ድግምቱ የሚያርፈው በፍጡር ላይ፣ አለዚያም ማንም ባልለበሰውና ባልያዘው ዕቃ ላይ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ፍጡሩ ሲያንስ የለበሰውና የያዘው ሁሉ አብሮት ያንሳል፤ የጣለው ዕቃ ግን ወዲያው ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። በ2003 የወጣው የሦስተኛው እትም ማሻሻያም ሰውን ስለሚያገዝፈው ድግምት ሲናገር፣ በጠባብ ቦታ የገዘፈ ሰው በዙሪያው ባለው ነገር ይታገታል እንጂ እንደማይጎዳ፣ ድግምቱም ለመጨፍለቂያ እንደማይውል በግልጽ ያስቀምጣል። አስማቱ መጠን ይለውጣል እንጂ አይጨምቅም ማለት ነው።

«እኛ የምንጠይቀው ሕግ ሳይሆን እውነታ ነው» የሚሉ አሉ። እሺ፣ እንግዲያው ወደ እውነታው እንሂድ። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው ክብደትና ጥንካሬ በአንድ ልክ አይቀንሱም። ቁመቱ በግማሽ ያጠረ ሰው ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ሲወርድ የጡንቻው ውፍረት በስፋት ሲለካ ወደ አንድ አራተኛ ብቻ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከክብደቱ አንጻር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። የሰውነቱ ሙቀትም ቶሎ ይባክናል። ትንሹ ወታደር እንደ ፌንጣ ይዝለል፣ ወይም በብርድ ይንቀጥቀጥ ብሎ የተከራከረ ተጫዋች ግን አላጋጠመኝም። ፊዚክስ የሚታወሳቸው ባላጋራ ለመግደል ሲመቻቸው ብቻ ነው።

በዚህ ክርክር የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ልብ እንበል። ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 የወርቅ ሳንቲም ያስወጣል፤ 65 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ይመዝናል፤ ጉልበቱ 15 ያልደረሰ ወታደር ከለበሰው እርምጃው ይዘገያል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው 18 የመከላከያ ነጥብ ለማግኘት ነው። የማሳነሻው ድግምት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ አስማተኛው ገና ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይማረዋል። እንዲህ ያለው ድግምት ጥሩሩን የለባሹ መቃብር ካደረገው፣ ለመከላከያ ብዙ የከፈለው ተጫዋች ከሁሉም ቀድሞ የሚሞት ይሆናል። በነገው ጨዋታ የጠላት አስማተኛም ያንኑ ድግምት ያውቃል። ደግሞስ ጥሩር ላይ ለምን ይቆማል? ቀለበት ጣት ይቆርጣል፤ ቀበቶ ወገብ ይበጥሳል፤ ሰይፍ የሚይዝ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?

አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዎቼ እሰጣለሁ። ሁለት ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት አንድ ሚሊ ሜትር ሲሆን የመከላከያው ነጥብ 18 ላይ መቅረቱ ስንፍና ይመስለኛል። የ2003ቱ ሕግ በጣም ለጥቃቅን ፍጡራን የሚሠራው ጥሩር የመከላከል አቅሙ ግማሽ እንዲሆን ያዛል፤ ተጫዋቾች ይህን በስምምነት ቢወስዱት አልቃወምም፤ ከጨዋታው በፊት ከሆነ፣ ሰይፍ ከተመዘዘ በኋላ ካልሆነ።

ምናብ ለጠማው ሰው ሕጉ ራሱ በቂ በር ትቷል። ያነሰ ወታደር በጠባብ መተላለፊያ እየሸሸ ጋሻውን ከኋላው ቢጥለው፣ ጋሻው በቅጽበት ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመልሶ በአሳዳጆቹ ፊት መንገዱን ይዘጋል።