«የሚሠራውን አትንኩት» ባዮችን እንቃወማለን

በፕሮግራመሮቻችን ዘንድ እንደ ቀኖና የምትጠበቅ አንዲት አባባል አለች፤ «የሚሠራውን አትንኩት»። ሲስተሙ ተነሥቷል፣ ደንበኛው ፈርሟል፣ የመጨረሻው ክፍያ ተለቅቋል። ከዚህ ወዲያ የነካ ሰው ላበላሸው ይጠየቃል፤ ያልነካውን ግን ማንም አይጠይቀውም። እኛ ይህቺን አባባል እንጠላታለን። «ጋዜጠኝነት አጥንታችሁ ስለ ጃቫ ምን አገባችሁ?» ለምትሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ኮዱ የእናንተ ቢሆንም ውስጡ የተቀመጠው የእኛ ስም፣ ስልክና ገንዘብ ነው።

ኢኩዊፋክስን እንውሰድ። የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዝ ኩባንያ ነው፤ እዚያ ሆኖ ቤት ወይም መኪና በብድር የገዛ ዘመዳችሁ ፋይልም እሱ ዘንድ ሳይኖር አይቀርም። ደንበኞች አቤቱታ የሚያቀርቡበት ድረ ገጽ የተሠራው አፓቼ ስትረትስ በተባለ የጃቫ ማዕቀፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የስትረትስ ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ወደ ሰርቨሩ በሚላክ ጥያቄ ራስጌ ላይ ትእዛዝ ሰክቶ መላክ በቂ ነበር፣ ሰርቨሩ ራሱ ይፈጽመዋል። ማስተካከያውም በዚያው ወር ወጣ፣ በነጻ። ኢኩዊፋክስ አልጫነውም። ሰርጎ ገቦቹ በሜይ ገቡ፤ የታወቀባቸው በጁላይ መጨረሻ ነው። የኔትወርኩን ፍሰት የሚፈትሸው መሣሪያ ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበት ዓይኑ ታውሮ ከርሟል። ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ተወሰደ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር።

ከሁሉ የሚያናድደን ከዚያ በኋላ የተባለው ነው። የቀድሞው ሥራ አስፈጻሚ ሪቻርድ ስሚዝ በኦክቶበር 2017 ኮንግረስ ፊት ቀርበው ጥፋቱን በአብዛኛው አንድ ሠራተኛ ላይ ጣሉት፤ ማሳሰቢያውን ለሚመለከታቸው አላስተላለፈም አሉ። እንዴት ነው ነገሩ? የ147 ሚሊዮን ሕዝብ ጓዳ በአንድ ሰው ትጋት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው? ይህ ሰበብ መስሏቸው የተናገሩት ራሱ ዋናው ክስ ነው። ኩባንያው በ2019 ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«ማሻሻያ ያበላሻል» የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ያበላሻል። የሚያበላሸውን ቀድሞ የሚያሳይ አውቶማቲክ ሙከራ ካልጻፋችሁ ግን የፈራችሁት ማሻሻያውን ሳይሆን የገዛ ኮዳችሁን ነው። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ (ሥራው መዝገብ መጻፍ ብቻ የሆነ ላይብረሪ!) ስንቱ ድርጅት «እኛ ቤት አለ ወይስ የለም?» እያለ ነው ያደረው። ሜቨን የምትጠቀሙ ከሆነ የጥገኝነቱን ዛፍ በአንድ ትእዛዝ ይዘረዝርላችኋል። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት?

ስለ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ማውራት እንኳ ያሳፍራል። ጥቃቱ በአደባባይ የተጻፈው በ1998 ነው፤ የጃቫ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ደግሞ ከ1997 ጀምሮ አለ። መድኃኒቱ ቀድሞ መጥቷል! ዛሬም ግን ተጠቃሚው የጻፈውን በመደመር ምልክት ከጥያቄው ጋር የሚሰፋ የመመረቂያ ፕሮጀክት «እጅግ በጣም ጥሩ» ያገኛል። ቦታውን በጥያቄ ምልክት ያዙ፣ እሴቱን ለብቻው ስጡ፤ በቃ። የሠንጠረዥ ወይም የዓምድ ስም በዚህ መንገድ ስለማይገባ እሱን አስቀድማችሁ ከፈቀዳችሁት ዝርዝር ብቻ ውሰዱ። አዝራር መደበቅንም ጥበቃ አትበሉት፤ ፈቃድ የሚጣራው ሰርቨሩ ላይ ነው።

አሁን በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጅ ግን ላይብረሪ አያድስም። ስለዚህ ሲስተም የምታሠሩም የምትሠሩም፣ በሚቀጥለው ውል ላይ ይህን ጥያቄ አስገቡልን፤ ከርክክብ በኋላ ማሻሻያውን ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ወጪ ይጭናል?